የሕፃናት ማቆያ ቤት ስለ ማሠራት

ባለፈው የመስቀል በዓል እንደ ልማዳችን ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ጉራጌ በወረድን ጊዜ፥ ከዘመድ ጥየቃው አስቀድመን አንድ ቤት ለማየት ሄድን። ቤቱ ሥራ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸውን ጧት አምጥተው ማታ የሚወስዱበት የሕፃናት ማቆያ ነው። ግንቡ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ በግንቡም ላይ አንበሳና ቀጭኔ ተሥለውበታል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያማረ ቤት ነው። ሞግዚቲቱ በአክብሮት ተቀብላን ክፍሎቹን ሁሉ አሳየችን። በመጨረሻ ከመጸዳጃው ክፍል ስንደርስ ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ሕፃን ሌላይቱ ሞግዚት በብብቱ ይዛው ከሸክላው መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ አየነው። መቀመጫው የአዋቂ ሰው ነውና እግሩ ከመሬት አይደርስም። ከበስተኋላው አራት ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንደኛዋም ከመጠበቅ ብዛት ልብሷን አርጥባ ታለቅሳለች። ሞግዚቲቱ እንደ ማፈር ብላ «ጋሼ፥ እንዲህ ስናነሣና ስናወርድ ነው የምንውለው፤ ወገባችን አለቀ» አለችን።

እኛም የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን። ዝም ያልንበትም ምክንያት፥ ያ መቀመጫ በዚያ ቤት እንዲገባ በፊርማቸው ካጸደቁት አምስት ሰዎች አንዱ እኛ ስለ ሆንን ነው።

ከክቡራን አንባቢዎቻችን መካከል በሥልጣናቸው ወይም በሀብታቸው ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያና ይህን የመሰለ የሕፃናት ቤት የሚያሠሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛን ስሕተት ሳንሸሽግ ለመጻፍ ብዕራችንን አነሣን። የከተማይቱን ስም ግን አንጠራም፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አንዲቱ ናት ብንል ይበቃል። የሥራ ተቋራጩንም ስም አናነሣም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ወደ ፊት ያየዋልና።

እኛ ባደግንበት ዘመን የሕፃናት ማቆያ የሚባል ነገር በጉራጌ አገር አልነበረም፤ የሚፈልገውም አልነበረም። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ተንጣሎ የሚታየው ሰፊ የሣር ሜዳ፥ ጀፎረ የምንለው፥ መንገድም ነው፥ ሸንጎም ነው፥ የልጆችም መዋያ ነው። እናት እንሰት ስትፍቅ አያት፥ አያት ሲደክማት ጎረቤት፥ ጎረቤት ገበያ ስትወርድ ታላቅ እኅት ልጁን ታያለች። በጀፎረ ላይ የሚሮጥ ልጅ ቢወድቅም የሚወድቀው በሣር ላይ ነው። እኛም በዚያ ሣር ላይ ስንንከባለል አድገን ማን እንዳሳደገን ለይተን ሳናውቅ ለአካለ መጠን ደረስን።

የከተማ ኑሮ ግን ሌላ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራም ከዘቢዳር ተራራ በታች ተቀምጣ፥ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተቋቋመ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በነዚህ ከተሞች የምትኖር እናት መምህርት ናት፥ ነርስ ናት፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፥ ወይም የማረቆን በርበሬ ስትለቅም የምትውል የቀን ሠራተኛ ናት። አያቲቱ በገጠር ቀርታለች፤ ታላቅ እኅትም እግዚአብሔር ይመስገን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጎረቤቲቱም እንደዚሁ ሥራ ውላ የምትመጣ ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደችም በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሰጥቷል። ዕረፍቱ ሲያልቅ ሕፃኑ አንገቱን ማቅናት የጀመረ የጥቂት ወር ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል የሚለውን ጥያቄ መንግሥትም አስቦበት፥ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ አዋጅ ቤት አይሠራም፤ ቤት የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ያንንም ሰው የሚመርጥ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

የእኛ ነገር የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. በመስቀል ነው። ጉራጌ በመስቀል፥ እስላሙም በአረፋ፥ ከያለበት ተሰብስቦ ወደ አገሩ ሲገባ የአገርን ጉዳይ መምከር የቆየ ልማዳችን ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ አባቶቻችን ከንግዳቸው ከፍለው ባዋጡት ገንዘብ ለአገራቸው መንገድ ማስጠረጋቸውን የማያውቅ የለም። እኛም እንደ አቅማችን ለአንድ የሕፃናት ማቆያ የሚሆን ገንዘብ አዋጣን፤ የከተማው ሹሞችም ቦታ ሰጡ። ሥራውን የሚያስፈጽሙ አምስት ሰዎች ተመረጡ፤ እነርሱም አንድ መምህር፥ አንዲት ነርስ፥ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ፥ አንድ ወጣት መሐንዲስ፥ እኛም በሽምግልናችን ነበርን።

በዚያ ስብሰባ ላይ የአምስት ወር ልጅ ያዘለች አንዲት እናት ከኋላ ተነሥታ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ሽንት ቤቱስ በልጅ ልክ ነው ወይስ በሞግዚት ልክ?» ብላ ጠየቀች። ከጎናችን የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሣቁ። እኛም ሰብሳቢ ነበርንና «ልጄ፥ ይህ የመሐንዲሱ ነገር ነው፤ አንቺ በዚህ አትጨነቂ» ብለን አስቀመጥናት። መሐንዲሱ ደግሞ ይህ የኮሚቴው ነገር ነው ብሎ አስቦ ኖሯል።

መሐንዲሱ ትጉህ ሰው ነው፤ ልናማው አንሻም። ደመወዝ ሳይቀበል በምሽቱ ሠራልን። ነገር ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት የሚያውቀው የጽሕፈት ቤት ፕላን ስለ ነበረ፥ ያንኑ ፕላን አምጥቶ «የስብሰባ ክፍል» የሚለውን ቃል ፍቆ «የሕፃናት መኝታ» ብሎ ጻፈበት። «መዝገብ ቤት» የነበረውም «ወጥ ቤት» ተባለ። እኛ ፕላን ማንበብ አናውቅም፤ አለማወቃችንን ለመናገርም አፈርን። አምስታችንም ራሳችንን ነቅንቀን አሳለፍነው። ዛሬ ስናስበው ቤቱ የተበላሸው በዚያች ምሽት ነው፤ ገና አንድ ድንጋይ ሳይወድቅ።

ከዚያ በኋላ የጨረታው ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጣና ሦስት ሥራ ተቋራጮች በታሸገ ፖስታ ዋጋቸውን አቀረቡ። ፖስታዎቹ በተከፈቱ ቀን ያሳየነውን ትጋት አንባቢ ቢያየው በሣቀ ነበር። የንግድ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፥ የሥራ ተቋራጭነት ምስክር ወረቀቱን፥ የጨረታ ማስከበሪያውን፥ የማኅተሙን ክብነት ሳይቀር አገላብጠን መረመርን። ማኅተም ግንብ የሚያቆም ይመስል ነበር። ከሦስቱ አንዱ ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ሄዶ ያየ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ያን ቤት ለማየት የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ቀን ነበር።

ሦስቱ ዋጋዎች ሲነበቡ የአንደኛው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የሁለት ክፍል ዋጋ ያህል ነበር። ያን ጊዜ ብረታ ብረት ነጋዴው መነጽሩን አውልቆ «ይህ ሰው በዚህ ዋጋ ፌሮውን ከየት ሊያመጣው ነው? እኔ ራሴ በዚህ ዋጋ አልሸጥለትም» አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። እኛ ግን «የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያነሰውን ትተን የበዛውን ብንመርጥ ሰው ምን ይለናል? ከተቋራጩ ጋራ ተካፈሉ አይባልምን?» ብለን መለስንለት። ነርሲቱና መምህሩም በዚህ ቃል ተስማሙ። ነጋዴው ፌሮ ሻጭ ነውና ለጥቅሙ ተናገረ እንዳይባል ፈርቶ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ሳንደብቅ እንናገር፤ በዚያ ቀን ያሰብነው ለራሳችን ስም ነበር። ያነሰውን ዋጋ የመረጠ ሰው ሐሜት አይነካውም፤ ምክንያቱን የሚጠይቀውም የለም። ያላነሰውን የመረጠ ግን ምክንያቱን መጻፍና መፈረም ይኖርበታል። እኛም ያን ወረቀት መጻፍ ሰነፍን።

ሕጉን ብናነበው ኖሮ ግን እንዲህ እንዳላለ ባየን ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 በጊዜው ለብዙ ግዥ አርአያ የነበረ ሲሆን፥ አሸናፊ የሚያደርገው በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይና ችሎታ የሚመለከተውን መመዘኛ ካሟሉት መካከል ዋጋው ያነሰውን ነው። ከሁሉ ያነሰ ሁሉ ያሸንፋል አይልም። መመዘኛውን የሚጽፈው አሠሪው ነው። እኛ የጻፍነው መመዘኛ የወረቀት ብቻ ስለ ነበረ ያሸነፈውም ወረቀት ነው። ደግሞም ዋጋው ከልክ በታች የወረደ የሚመስል ተጫራች ሲገኝ፥ ይህን ዋጋ እንዴት እንደ ደረሰበት በዝርዝር እንዲያስረዳ የሚጠየቅበት አንቀጽ በጨረታ ሰነዶች የተለመደ ነው። አንድ ደብዳቤ ብንጽፍለት ኖሮ ሰውየው ራሱ ከስሕተቱ ይነቃ ነበር።

ውሉን በፈረምን በጥቂት ወር ውስጥ የመሠረቱ ቁፋሮ አለቀ፥ ግንቡም እስከ መስኮት ደረሰ። ከዚያም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ የሲሚንቶ እጥረት ሆነ፤ ዋጋውም ከቀን ወደ ቀን ወጣ። ሥራ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያውን ጨርሶ ሠራተኞቹን በተነ። አንድ ዘበኛ ብቻ ቀረ። ሁለት ክረምት በቆመው ግንብ ላይ ዘነበበት፤ ጫፉ የቀረው ፌሮም ዛገ፤ ፍየሎችም የሕፃናት መኝታ በተባለው ክፍል ውስጥ አደሩ። ዘበኛው ሌሊት ሌሊት ምድጃ እያነደደበት ግድግዳው በጢስ ጠቆረ። እናቶቹም በዚያ በር እያለፉ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር።

እኛም ተቆጥተን ከአዲስ አበባ ወረድንና ሥራ ተቋራጩን አስጠራነው። ሌባ ሰው እናገኛለን ብለን ነበር። የመጣው ግን ፊቱ የጠቆረ፥ ጫማው የተቀደደ፥ ዕድሜው ከልጆቻችን የማይበልጥ ሰው ነው። «አባቴ፥ እኔም ከስሬአለሁ» አለን። የሌላ ሥራ ዕዳ ነበረበት፤ በዚህ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ የዚያን ዕዳ ሊከፍል፥ የዚህንም በሌላ ሊሸፍን አስቦ ነው ያን ያህል ዝቅ ያደረገው። ይህ በሥራ ተቋራጮች ዘንድ የታወቀ መንገድ መሆኑን ነጋዴው በኋላ ነገረን። ዋስትናውን እንውረስ ብንል የሰውየው ቤት ይፈርሳል፤ የእኛም ቤት በፍርድ ቤት ክርክር ሌላ ሦስት ክረምት ይዘንብበታል። ስለዚህ ተዋጥተን ጨመርንለት፤ እርሱም ጨረሰው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ተረከብን። የጨመርነው ሲደመር ነጋዴው ያን ቀን ሊመርጠው ከፈለገው ከመካከለኛው ተጫራች ዋጋ በለጠ።

በርክክቡ ቀን ነበር መቀመጫውን ያየነው። «ይህ ምንድር ነው? ይህ የሕፃናት ቤት አይደለምን?» ብለን ጮኽንበት። ሥራ ተቋራጩ ሳይቆጣ ከከረጢቱ የሥራ ዝርዝሩን አወጣና በጣቱ አንድ መስመር አሳየን፤ «የመጸዳጃ መቀመጫ፥ ነጭ፥ ከነማጠቢያው፥ ብዛት 4» ይላል። ከሥሩ የአምስታችን ፊርማ አለ። «እኔ የሰጣችሁኝን ወረቀት ነው የሠራሁት» አለ።

እውነት ተናገረ። የልጅ መቀመጫ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነው፤ የአዋቂው 40 ገደማ ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ቁጥር በዚያ መስመር ላይ ብትጨመር የማንንም ዋጋ ያን ያህል ባላናወጠች ነበር። እጅ መታጠቢያውም፥ የበሩ እጀታም፥ ደረጃውም እንዲሁ ነው። የበረንዳው ብረት በመካከሉ የሕፃን ራስ እንዳያሾልክ ክፍተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ መጻፍ ነበረበት፤ አልተጻፈም፤ በኋላ በሽቦ አሳጠርነው። የኤሌክትሪክ ማስገቢያው ከወለሉ በአንድ ስንዝር ከፍታ ተደርጎ ነበር፤ እርሱንም በፕላስተር ደፈንነው። እናት መጥታ የምታጠባበት ጥግ የለም። ውሃውስ? የከተማው ውሃ በየቀኑ እንደማይመጣ የማያውቅ የለም፤ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ማጠራቀሚያ ሮቶ አልነበረም። ያቺ እናት ከኋላ ተነሥታ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ነገር ስናዝን አንድ የውጭ አገር ታሪክ ትዝ አለን። በኢጣልያ በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር አንድ የሕንፃ ኩባንያ ቤቶችን አድሶ ለሠራተኞች ያከራይ ነበር። ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ የሚጠብቃቸው ያጡ ልጆች የአዲሶቹን ቤቶች ግድግዳ እየቧጠጡና እያቆሸሹ አስቸገሩ። ኩባንያውም ለልጆቹ መዋያ አንድ ክፍል ሰጥቶ ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪን እንድታስተዳድረው ጠራት፤ ክፍሉም በጃንዩወሪ 6 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እርስዋም በልጅ ልክ የሆነ ቀላል ጠረጴዛና ወንበር አሠራች። ዛሬ ስሟ በዓለም ሁሉ የሚጠራበት ትምህርት ቤት ከዚያ ክፍል ነው የተነሣው። የሚገርመን ነገር፥ ያን ክፍል የሰጠው ስለ ልጆች የሚያስብ ማኅበር ሳይሆን ግድግዳው እንዳይቆሽሽበት የፈራ የሕንፃ ባለቤት መሆኑ ነው። ልጁን ያየችው ሴት ግን በሥፍራው ተገኘች። በእኛ ኮሚቴ ያለችው ነርስ ልጆች የወለደች ናት፤ ፕላኑ ሲታይ ግን እርስዋንም ማንም «እንዴት ታይዋለሽ?» ብሎ አልጠየቃት።

በሌላይቱ ከተማ የተሠራውን ደግሞ ባለፈው ዓመት አይተናል። እዚያ ያሠሩት ሰዎች የእኛን ታሪክ ሰምተው ስለ ነበር ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት አንድ የማንጠብቀውን ነገር አደረጉ። ከሰፈሩ 20 ያህል ሕፃናት ሰብስበው በገመድ ቁመታቸውን፥ የጉልበታቸውን ከፍታ፥ እጃቸው የሚደርስበትን ሁሉ ለክተው ለመሐንዲሱ ሰጡት። ሁለት ሞግዚቶችና አራት እናቶች በፕላኑ ላይ እየተራመዱ እንዲመክሩ፥ የቤቱን ቅርጽ በሜዳ ላይ በኖራ አሠመሩላቸው። አንዲት ሞግዚት «ከመኝታው ቆሜ ወጥ ቤቱን እያየሁ የሽንት ቤቱን በር አላይም» ብላ በር አስለወጠች። በወረቀት ላይ ሲለወጥ አንድ ላጲስ ነው የሚጠይቀው።

ሠሪውንም ሲመርጡ ሁለት ሰዎች ልከው ተጫራቾቹ ከዚህ በፊት የሠሯቸውን ቤቶች አስጎበኙ። የላኳቸውም ሰዎች ባለቤቱን ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ጽዳት ሠራተኛ ጠየቁ፤ ጣሪያው በየት እንደሚያፈስ የሚያውቀው እርሱ ነውና። የትኛው ቧንቧ እንደሚዘጋ፥ ተቋራጩ ተጠርቶ ሲመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ጠይቀው ጻፉ። ፎርማኑ ማን እንደሚሆንም በስሙ በውሉ ውስጥ አገቡ። ይህ ብልኀት ነው፤ የሥራ ተቋራጩ ምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር፥ ቤቱን የሚሠራው ፎርማኑ ነው።

ስለ መሬቱም አልቸኮሉም። አገሩ ከስምጥ ሸለቆ ጠርዝ አጠገብ ነው፤ በ1906 እ.ኤ.አ. በላንጋኖ በኩል የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ የተሰማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ በኩል የነበረውንም በአዲስ አበባ ያለን ሁላችን አንረሳውም። ስለዚህ አፈሩን አስቆፍረው አስመረመሩ። በቦታው ዳርቻ መረሬ አፈር ተገኘ። መረሬ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራ ግንብም አብሮት ይሰነጠቃል። መረሬው ተቆርጦ በተመረጠ አፈር እንዲሞላ በሥራ ዝርዝሩ ገባ፤ ዋጋም ተሰጠው። ሥራ ተቋራጩ መሠረቱን ሲቆፍር «አዲስ ነገር አገኘሁ፥ ጨምሩልኝ» የሚልበት ምክንያት አልቀረለትም።

ያነሰ ዋጋ ያቀረበውን ትተው ሁለተኛውን መረጡ፤ ምክንያታቸውንም በሁለት ገጽ ጽፈው ለሕዝብ አነበቡ። የተሸነፈውም ተጫራች ቅሬታውን አቀረበ፤ መልስ ተሰጠው። ሐሜቱ ግን አልቀረም፤ እስከ ዛሬም «እነ እገሌ በሉ» የሚል ሰው በዚያች ከተማ አይጠፋም። ነገራቸውም ሁሉ የተቃና አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ተወደደ፤ በውላቸው ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ስለ ነበረ ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን ገንዘባቸው አለቀና የመጫወቻው ሜዳ እስከ ዛሬ አጥር የለውም። አንድ ልጅ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ሞግዚቲቱ በር ላይ ወንበር አድርጋ ትቀመጣለች። እኛም ይህን ስናይ፥ ይቅር ይበለንና፥ በልባችን ትንሽ ደስ አለን።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት የሠራ ተቋራጭ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ለቤቱ ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ ግድግዳው ቢሰነጠቅ እስከ 2025 ዓ.ም. የምንጠይቀው ሰው አለን። ስለ መቀመጫው ግን የምንጠይቀው የለም፤ ያዘዝነውን ነው የተቀበልነው። መቀመጫዎቹን ለማስነቀል የወለሉን ሴራሚክ ማፍረስ፥ የፍሳሹንም ቧንቧ ማዛወር ያስፈልጋልና ዋጋው ተሰልቶ ቀርቦልን ደነገጥን። በዚህ መስቀል አንድ አናጢ ጠርተን ለየመቀመጫው ሁለት እርከን ያለው የእንጨት መወጣጫ አሠራን። ልኩን የሰጡት ሞግዚቶቹ ናቸው፤ እኛ አልተናገርንም። አናጢው የመጀመሪያውን ባመጣው ቀን ያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወጣበት፥ ተቀመጠ፥ ማንም እንዳይዘው እጁን እያወዛወዘ ሞግዚቲቱን ከለከላት።

ስንወጣ በበሩ ላይ አንዲት ሴት ሰላምታ ሰጠችን። ያን ቀን ከኋላ ተነሥታ የጠየቀችን እናት ናት። ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ በዚህ በኩል ታልፋለች። ልጅሽ እንዴት ነው አልናት። «ደኅና ነው፥ ጋሼ፤ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል ገባ» አለችን።